ሳያዩ «አየሁ» አይበሉ፦ የሕዝብ ኦብዘርቫቶሪ ጎብኚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሕዝብ ክፍት በሆነ፣ በከተማ መናፈሻ መካከል በቆመ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ቤት) ውስጥ ቴሌስኮፕ አጠገብ ቆሜ ጎብኚ ሳስተናግድ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ ቴሌስኮፑን ወደ አንድ የሰማይ አካል ማነጣጠር፣ ፎከሱን ማስተካከል፣ ከዚያም ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ተራ የደረሰውን ሰው «ይምጡ፣ ይመልከቱ» ማለት። በእነዚህ ዓመታት የታዘብኩት ግን፣ ሰው ተደስቶ ወይም ቅር ብሎት የሚመለሰው በሰማዩ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን፣ በአመዛኙ ይዞት በመጣው ሐሳብና በዓይኑ አጠቃቀም መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ አንዳንዶቹን በጥቂት ቃላት አልፋቸዋለሁ፣ አንዱ ግን ትዕግሥቴን የጨረሰ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፍበታለሁ።

ሙሉ ጨረቃን ጠብቆ መምጣት

«ጨረቃ ሙሉ የምትሆነው መቼ ነው? ልጆቹን ያን ዕለት ላምጣቸው» ብሎ የሚደውል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት የፀሐይ ብርሃን የሚያርፍባት እኛ በምናያት አቅጣጫ፣ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የምናየው ተራራም ሆነ ጉድጓድ ጥላው ከዓይናችን ይሰወራል፤ ጥላ የሌለው ገጽታ ደግሞ በቴሌስኮፕ ሲታይ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ለጥ ያለ፣ ዓይን የሚያጥበረብር ነጭ ነገር ይሆናል። ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን ግን ብርሃኑና ጨለማው በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ገና ጎሕ እየቀደደ ነው፤ በዚያ መስመር አቅራቢያ ያለው ተራራ ሁሉ ረጅም ጥላ ይጥላል፣ ክሬተር የሚባሉት ክብ ጉድጓዶችም ጠርዛቸው በርቶ ውስጣቸው ድቅድቅ ያለ ሆኖ ይታያሉ። ከግማሽ ጨረቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ የመጣ ሰው 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ኮፐርኒከስ የተባለ ክሬተር በዚህ ሁኔታ ያገኘዋል፤ እኔ ይህን ያህል ጊዜ አይቼው እንኳ ለሰው ከማሳየቴ በፊት አንድ ጊዜ ለራሴ ሳላየው አላልፍም። የጥላ ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት፣ ግማሽ ጨረቃ የምትሰጠን ብርሃን የሙሉዋ ግማሽ ሳይሆን አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ መሆኑን ማሰብ ይበቃል።

ሙሉ ጨረቃ ጭራሽ አትታይ ማለቴ አይደለም፤ ቲኮ ከተባለው ክሬተር በየአቅጣጫው የሚፈነጥቁት ነጫጭ ጨረሮች በደንብ የሚታዩት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው አንድ ሌሊት ብቻ ካለው ጨረቃ እያደገች ግማሽ የሞላችበትን ሳምንት ይምረጥ። ያን ሰሞን ሲመሽ ከፍ ብላ ትጠብቀናለች፣ እኩለ ሌሊት ገደማም ትጠልቃለች፤ እየጎደለች ግማሽ ስትሆን ግን የምትወጣው እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሆነ ልጆችዎ ተኝተዋል፣ እኛም በሩን ዘግተናል።

ሳይደውሉ መምጣት

ደመና ካለ ምንም አይታይም። ይህን መጻፍ የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፤ ሆኖም ካፊያ እየጣለ በሩ ላይ ቆመው «ቴሌስኮፑ ደመናውን አያልፈውም?» ያሉኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አያልፈውም፤ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ይደውሉ።

በቀን ልብስ መምጣት

ጉልላቱ ውስጥ ማሞቂያ የለም፤ የሌለውም በንፉግነት አይደለም። ጉልላቱ ከውጭው አየር የሞቀ እንደሆነ ሙቁ አየር በተከፈተው የጣሪያ መስኮት በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም ልክ ከተቀጣጠለ ምድጃ በላይ ያለ ነገር እንደሚርገበገበው ሁሉ በቴሌስኮፑ ውስጥ ያለችውን ፕላኔት ያርገበግባታል። ስለዚህ ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ከፍተን ከውጭው ጋር እኩል እናቀዘቅዘዋለን፤ እርስዎ ደግሞ ተራዎን የሚጠብቁት እዚያ ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ነው። በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ መጥቶ ተራው ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀረው እየተንቀጠቀጠ ወደ መኪናው የተመለሰ ሰው አይቻለሁ። ያን ምሽት ሳተርን እጅግ ጥርት ብላ ነበር።

ጨለማው ውስጥ ስልክ ማብራት

እዚህ ላይ ቁጣዬን ልቆጥብ፤ ምክንያቱም ጨረቃንና ደማቅ ፕላኔቶችን ለማየት ጨለማ የለመደ ዓይን ያን ያህል አያስፈልግም። ኔቡላ (በሕዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና)፣ የከዋክብት ክምችት ወይም ጋላክሲ በምናሳይበት ምሽት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዓይናችን ደብዛዛ ብርሃንን ለመቀበል የሚያስፈልገውን ሮዶፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ነው የሚያጠራቅመው፤ ሥራው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ያጠራቀመውን ለማጥፋት ግን አንድ የስልክ ስክሪን ይበቃል። በዚያ ላይ ያ ብርሃን የባለቤቱን ዓይን ብቻ አይመታም፤ ከጎንና ከኋላ የቆመውም ሁሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያጠራቀመው አብሮ ይጠፋል። መብራቶቻችን ቀያይ የሆኑት ለማስዋብ አይደለም፤ በጨለማ የሚያዩት የዓይናችን ሕዋሳት ቀይ ብርሃንን እምብዛም ስለማይለዩት ነው። ሰዓት ማየት ካስፈለገዎት ከጉልላቱ ወጥተው ይዩ።

ቴሌስኮፑን መያዝ

ሰው ዓይኑን ወደ አንድ ነገር ሲያስጠጋ እጁም አብሮ መሄዱ ልማድ ነው፤ ሕፃናትም ዓይናችንን የምናስጠጋበትን ትንሽ ሌንስ እንደ ኩባያ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይይዙታል። ቴሌስኮፑ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጣት ያህል ግፊት ፕላኔቷን ከእይታ ያስወጣታል፤ መልሶ ለማግኘት ደቂቃዎች ይሄዳሉ፣ ሰልፉም ያጉረመርማል። ለልጆች «እጅ ወደ ኋላ» እያልኩ እንደ ጨዋታ አስተምራቸዋለሁ፣ ደስ እያላቸው ይታዘዙኛል። የሚያስቸግሩት ትልልቆቹ ናቸው።

ይህን ስል እኔ ንጹሕ እንዳልሆንኩ መናገር አለብኝ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን መሰላሉን በጨለማ ስወርድ እግሬ ተደናቀፈና እንዳልወድቅ የያዝኩት የቴሌስኮፑን ቱቦ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት የተሰለፉ ሰዎች ዓይናቸው እያየ ጁፒተርን አጠፋኋት። አለቃዬ ምንም አልተናገሩኝም፤ ዝም ብለው በምልክት መብራታቸው የመሰላሉን እጀታ ብቻ አሳዩኝ።

ሳያዩ «አየሁ» ማለት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ምሽት ሳተርንን እያሳየሁ ሰልፉ በጥሩ ሁኔታ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰው ይወጣል፣ ዓይኑን ያስጠጋል፣ «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» ይላል፣ አመስግኖኝ ይወርዳል። እንዲህ እያለ ዐሥራ ሁለት ያህል ሰው አለፈ። ከዚያ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተራው ደረሰና ወጥቶ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያም ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ ጥቁር ብቻ ነው» አለኝ። እናቱ ከታች ሆነው «ዝም ብለህ በደንብ እይ!» አሉት። ልጁ እንደገና አየና «ጥቁር ነው» አለ። ወጥቼ ራሴ ተመለከትኩ። ባዶ ሰማይ ነበር። ለካስ አንዱ ጎብኚ በጨለማ ሲራመድ ቴሌስኮፑን የሰማይን ጉዞ ተከትሎ የሚያዞረውን ሞተር ገመድ በእግሩ ነቅሎት ኖሯል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ 200 ጊዜ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ደግሞ የሚታየው ሰማይ አንድ አራተኛ ዲግሪ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ከቆመ ፕላኔቷ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመሻገር አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ገመዱ መቼ እንደተነቀለ በትክክል ባላውቅም፣ «እንዴት ያምራል» ካሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ያደነቁት ምንም የሌለበትን ጨለማ እንደነበረ ግልጽ ነው። ልጁ ያን ሲናገር ገና ያልሄዱ ሁለት ሦስት አዋቂዎች እግራቸውን ሲያዩ ነበር።

ከዚያ ምሽት ወዲህ «አየሁ» የሚለውን ቃል አላምንም። ተራ ጠብቀው፣ ከተማ አቋርጠው፣ ልጅ አዝለው መጥተው፣ በይሉኝታ ምክንያት ምንም ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች መኖራቸውን ሳስብ ይቆጨኛል፤ አንዳንዴም ያናድደኛል። ከኋላቸው ሰው ቆሟል፤ አሳዪው ደክሟል ብለው ያዝናሉ፤ ከእነሱ በፊት የነበረው አይቷል፣ «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማላይ?» ይላሉ፤ ስለዚህ ፈገግ ብለው ይወርዳሉ። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ሞኞች ሳይሆኑ የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲያውም ሰው በተከበረ ቁጥር «አላየሁም» ማለት የሚከብደው ይመስለኛል። እኔ የቆምኩት ለዚህ ነው! ፕላኔቷ ከእይታ ወጥታ እንደሆነ፣ ሌንሱ ላይ ጤዛ አርፎ እንደሆነ፣ ፎከሱ ተዛብቶ እንደሆነ የማውቀው እርስዎ ሲነግሩኝ ብቻ ነው። እርስዎ ዝም ሲሉ ከኋላዎ ያለው ሰውም ሳያይ ይወርዳል፤ ጨዋነት መስሎዎት ሰልፉን በሙሉ ጨለማ ያሳዩታል።

ቴሌስኮፑ በትክክል ተነጣጥሮም እንኳ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ የሚያየው ጥቁር ነገር ነው፤ ይህም የማንም ጉድለት አይደለም። ከትንሿ ሌንስ የሚወጣው ብርሃን ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስፋት ያለው ጨረር ስለሆነ የዓይን ብሌን በትክክል እርሱ ላይ ማረፍ አለበት። መጀመሪያ ጭንቅላትዎን አንድ ጣት ያህል ራቅ አድርገው ሌንሱ ላይ የምታበራውን ትንሽ ክብ ይፈልጉ፤ ካገኟት በኋላ እርሷን ሳይለቁ ቀስ ብለው ይጠጉ። በድንገት ሰፍታ ዓይንዎን ትሞላለች። ሌላኛውን ዓይንዎን አጥብቀው አይጨፍኑ፣ ሲጨፍኑ የሚያዩበትም አብሮ ይጨማደዳል፤ በመዳፍዎ ሸፈን ማድረግ ይሻላል። ከደበዘዘብዎት ይንገሩኝ፣ የፎከሱን ቁልፍ አሳይዎታለሁ፤ ከቴሌስኮፑ ላይ መንካት የሚፈቀደው ብቸኛ ነገር እርሱ ነው።

ያየ ሰው ደግሞ ቶሎ አይውረድ። አየሩ ያለማቋረጥ ስለሚንቀሳቀስ ፕላኔቷ አሥር ሰከንድ ትርገበገብና ለአንድ አፍታ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ዝርዝሩ ያለው በዚያች አፍታ ውስጥ ነው፣ በሦስት ሰከንድ የወረደ ሰው እርሷን አላገኛትም። የሳተርን ቀለበቶች ሰፋ ብለው በሚታዩበት በአንድ ዓመት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወጥተው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆዩ። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ፣ እኔም «እማማ፣ ታየዎት?» አልኩ። አልመለሱልኝም። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ሳያነሡ «ቀለበቱ ላይ ጥቁር መስመር አለበት፤ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል» አሉ። ያዩት በ1675 እ.ኤ.አ. ሥነ ፈለካዊው ጆቫኒ ካሲኒ ያስተዋለውን፣ 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ክፍተት ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ያን ምሽት ከእኔ በቀር ያንን መስመር ያዩት እርሳቸው ብቻ ይመስሉኛል፤ ሰልፈኛውም እርሳቸው ከወረዱ በኋላ ረጋ ብሎ ማየት ጀመረ።

የፎቶግራፍ ቀለም መጠበቅ

«ይሄ ነው?» የሚለውን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ሰውየው ስክሪን ላይ ያየው የኦሪዮን ኔቡላ ሐምራዊና ሰማያዊ ነበር፤ አሁን በሌንሱ ውስጥ የሚያየው ግን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ጉም ነው። ማንም አላታለለውም። ካሜራ ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ብርሃን ያጠራቅማል፣ ዓይን ግን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያየውን ጥሎ አዲስ ይቀበላል፤ ቀለም የሚለዩት የዓይን ሕዋሳትም በደብዛዛ ብርሃን ሥራ ስለሚያቆሙ የሚቀረን በጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያየው ክፍል ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲም እንዲሁ የደበዘዘ ሞላላ ነገር ሆኖ ነው የሚታየው። ነገር ግን ያ ብርሃን ከኦሪዮን ኔቡላ ከተነሣ 1,300 ዓመት ገደማ፣ ከአንድሮሜዳ ከተነሣ ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ የሚያርፈው በእርስዎ ዓይን ላይ ነው፤ ፎቶግራፉን የትም ያገኙታል፣ ይህን ግን አያገኙትም።

ደብዛዛ ነገር ሲያዩ ቀጥታ አያፍጡበት። በጨለማ የሚያዩት ሕዋሳት ከዓይን መካከለኛው ነጥብ ላይ የሉም፣ ብዛታቸው ከዚያ ወጣ ባለው ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ ከኔቡላው ጎን ያለ ኮከብ እያዩ ልብዎን ግን ኔቡላው ላይ ያድርጉ። ጉሙ ሲሰፋና ክንፍ ሲያወጣ ይታይዎታል። ይህን ዘዴ ለጎብኚ ስነግር መጀመሪያ እንደ ቀልድ ይቆጥሩታል፤ ትንሽ ቆይተው ግን ትንፋሻቸው ሲለወጥ እሰማለሁ።

«ስንት ጊዜ ያጎላል?»

ይህ ጥያቄ ስህተት ባይሆንም ከጀርባው ያለው ግምት ስህተት ነው። የቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ማጉላት ሳይሆን ብርሃን መሰብሰብ ነው፤ ማጉላቱን ትንሿን ሌንስ በመቀየር የፈለግነውን ያህል ከፍ ማድረግ እንችላለን፣ ነገር ግን አየሩ የሚፈቅደው ከተወሰነ ልክ አያልፍም። ከ200 ወይም ከ300 ጊዜ በላይ ስናጎላ በአብዛኞቹ ምሽቶች የሚጎላው ፕላኔቷ ሳትሆን የአየሩ መርገብገብ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚመጣው ጥያቄ «አሜሪካውያን የተከሉትን ባንዲራ አሳየን» የሚለው ነው። አይታይም። የአፖሎ ጠፈርተኞች ከ1969 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ስድስት ጊዜ ጨረቃ ላይ አርፈዋል፤ ይሁን እንጂ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ አየሩ እጅግ በረጋበት ሌሊት እንኳ ጨረቃ ላይ ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገር 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነው። ሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕም ቢሆን 100 ሜትር ገደማ ከሚሆን ነገር በታች መለየት አይችልም። ማረፊያዎቹን አንሥቶ ያሳየን በጨረቃ ዙሪያ ዝቅ ብላ የምትዞር፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የመጠቀች መንኮራኩር ናት። ባንዲራው ስላልታየ «ስለዚህ አልሄዱም» ብሎ የወረደ ሰው አለ፤ ከእርሱ ጋር መሰላል ሥር መከራከር ትቻለሁ።

የማርስ ነገርም አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ማርስ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ ቀርባን ነበር፤ ያን ጊዜ «75 ጊዜ ሲጎላ ሙሉ ጨረቃ በዓይን የምትታየውን ያህል ትሆናለች» የሚል ትክክለኛ መልእክት ተላለፈ፣ ሲቀባበሉት «ሲጎላ» የሚለው ወደቀና «ማርስ ጨረቃን ታክላለች» ብቻ ቀረ። እስከ ዛሬ በነሐሴ ያንን አንብቦ የሚመጣ ሰው አለ። ማርስ በደንብ የምትታየው በ26 ወር አንድ ጊዜ ገደማ ስለሆነ በሌላው ጊዜ የምትሰጠን ብርቱካንማ ነጥብ ብቻ ነው።

መነጽር

ቅርብ ወይም ሩቅ የማየት ችግር ብቻ ካለብዎት አውልቀው በፎከስ ማስተካከል ይችላሉ፤ አስቲግማቲዝም (ከዓይን ቅርጽ መዛባት የሚመጣ ብዥታ) ካለብዎት ግን አያውልቁ።

«ከከተማ መካከል ምን ይታያል?»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ስለ ሥነ ፈለክ ትንሽ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሳይመጡ ይቀራሉ። የከተማ ብርሃን ፍኖተ ሐሊብንና ደብዛዛ ጋላክሲዎችን እንደሚያጠፋ እውነት ነው። ጨረቃን፣ ፕላኔቶችንና ጥንድ ኮከቦችን ግን አይነካቸውም፣ ምክንያቱም እነርሱ ከሰማዩ ብርሃን በእጅጉ ይደምቃሉ። ሲግነስ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው አልቢሪዮ በዓይን ሲታይ አንድ ተራ ኮከብ ነው፤ በቴሌስኮፕ ግን አንዱ ወርቃማ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ። ቀለም ፈልጎ ለመጣ ሰው እኔ የማሳየው እርሱን ነው። በሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ መናፈሻ ያለው ኦብዘርቫቶሪ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛይስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራውን ባለ 12 ኢንች ቴሌስኮፑን በዚያች መብራተ ብዙ ከተማ ላይ ሆኖ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ሲያሳይ ኖሯል። በርሊን ትሬፕቶ መናፈሻ ውስጥ ደግሞ በ1896 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ርዝመቱ 21 ሜትር የሆነው ቴሌስኮፕ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

ፀሐይን በቸልታ ማየት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ብዙ ኦብዘርቫቶሪዎች በቀን ፀሐይን ያሳያሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ብርሃኑ ወደ ቴሌስኮፑ ከመግባቱ በፊት ከፊቱ በተገጠመ ማጣሪያ፣ ወይም ለፀሐይ ብቻ በተሠራ ቴሌስኮፕ ነው። ለግርዶሽ የሚሰጠውን መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ወይም በባይኖኩላር ማየት ፈጽሞ አይቻልም፤ የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን በቅጽበት ያቃጥለዋል። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ዓይን ሲቃጠል አያስጮኽም፣ ሰው የሚያውቀው በኋላ ነው። አንድ ቀን አንድ ወጣት የራሱን ባይኖኩላር ይዞ ከእኛ ሰልፍ አጠገብ «እኔም በዚህ ልየው» ብሎ ሲያነሣ እጁን በኃይል መታሁበት። ተቀየመኝ። ዛሬም ቢሆን እመታዋለሁ።

ቴሌስኮፑን ብቻ አይቶ መሄድ

የሕዝብ ኦብዘርቫቶሪ አብዛኛውን ጊዜ ኤግዚቢሽን፣ አንዳንዴም የፉኮ ፔንዱለም (የምድርን መሽከርከር የሚያሳይ ረጅም ዥዋዥዌ) ወይም ፕላኔታሪየም (ሰማይን ጣሪያው ላይ የሚያሳይ አዳራሽ) አለው፤ ሰልፉ ሲረዝም እነርሱን ማየት ጊዜውን ያሳልፋል። ማስረጃውን ደግሞ ሁልጊዜ ከስልክ ጋር አያመሳክሩት። ለንደን ግሪኒች መናፈሻ ያለው ኦብዘርቫቶሪ ላይ በ1884 እ.ኤ.አ. የዓለም የኬንትሮስ መነሻ (ዜሮ) ሆኖ የተመረጠው መስመር በብረት ምልክት መሬት ላይ ይታያል፤ ጎብኚው እዚያ ቆሞ ስልኩን ሲያይ ግን ኬንትሮሱ ዜሮ አይልም። ስህተት አይደለም፤ ስልኩ የሚጠቀመው ሳተላይቶች የሚሠሩበት ዘመናዊ መስመር ከብረቱ ምልክት 102 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ሣሩ ላይ ያልፋል። የቀድሞዎቹ ሥነ ፈለካውያን የሰማይን መሐል መስመር የለኩት በስበት ቱንቢ በመመራት ነበር፣ የአካባቢው ስበት ደግሞ ቱንቢውን ከምድር ማዕከል ትንሽ ያዘነብለዋል።

በማግሥቱ ቴሌስኮፕ መግዛት

ሳተርንን አይቶ የወረደ ሰው ዓይኑ እያበራ «እኔም ልገዛ ነው፣ የቱን ልግዛ?» ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ በማግሥቱ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ካርቶን ይዞ ሲመጣ ግን ልቤ ይሰበራል። ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ከ120 ጊዜ በላይ ሲጎላ የሚሰጠው ብዥታ ብቻ ነው፤ እግሩም ሸምበቆ ስለሚያህል በነፋስ ይወዛወዛል። ከካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ተታልዬ የመጀመሪያዬን የገዛሁት እኔም ነኝ፤ ጨረቃን ሁለት ጊዜ፣ የጎረቤት ጣሪያን ብዙ ጊዜ አየሁበት፣ ከዚያም ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ለጀማሪ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሆነ ባይኖኩላር (የመጀመሪያው ቁጥር የማጉላቱ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) ይሻለዋል፤ ክርኖችዎን በአጥር ወይም በመኪና ጣሪያ ላይ አስደግፈው ሲያዩበት የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያሳይዎታል፣ ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉትንም በደርዘን ያበዛቸዋል። ካርቶኑን አስቀድመው ገዝተው ከሆነም አይፈሩ፣ ይዘውት ይምጡ፤ አነስተኛ ማጉላት ባላት ሌንስ ጨረቃ ላይ እናነጣጥረውና ቢያንስ ፈላጊው ትንሽ ቴሌስኮፕና ዋናው አንድ ቦታ እንዲያዩ አድርገን እናስተካክለዋለን።